ጅቡቲ ደርሰዋል ያልኳቸው ልጆች

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ “ልጅስ?” ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ “ታዘዋል፣ ጅቡቲ ደርሰዋል፣ ቀረጡ ነው ያስቸገረኝ።” አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ባለ የድርጅት ሱቅ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነኝና ቀልዱ ለአፌ ይመቸዋል። ፍሪሲዮን ጠይቆ ያጣ ደንበኛም ከእኔ የሚሰማው ይህንኑ ነው። በካዛንቺስ እድራችን ውስጥ ደግሞ ቀልዱ እግር አውጥቶ ብቻውን መሄድ ጀምሮ ነበር። አንዱ “ስንት ናቸው?” ሲለኝ “አንድ ኮንቴይነር ሙሉ” እላለሁ። ሌላው “ወንድ ናቸው ሴት?” ካለኝ “ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም” እለዋለሁ። ሰው ይስቃል፣ ጥያቄውም እዚያው ይቀራል። ባለቤቴ ስትሰማ አትስቅም፤ አትቆጣም። ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ በቃ።

እንግዲህ የሚያውቀኝ ያውቀኛል፤ ካፊያ ካየሁ ጎርፍ ነበር ብዬ የምተርክ ሰው ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ግማሹን ብትቀንሱልኝ አልቀየምም። የቀረው ግማሽ ራሱ ለሁለት ሰው ይበዛል።

ባለቤቴ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ወደ ሐኪም ሄድን። ተመረመርን። ችግሩ የማን እንደሆነ ለእናቴም አልነገርኳትም፣ ለእናንተም አልነግርም። ማለቴ፣ የእሷ አይደለም። ሐኪሙ ጽንሱን ከማህፀን ውጪ አዘጋጅቶ መልሶ ማስገባት እንደሚቻል አስረዳንና ዋጋውን ጸሐፊዋ ትነግራችኋለች አለ። ሐኪም ዋጋ ራሱ የማይናገርበት ሕክምና ሲገጥማችሁ ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። ኢንሹራንስ ነበረኛ። መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞቹ የጤና ኢንሹራንስ የገባ ቀን ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። በታደለን ደብተር ላይ “የወሊድ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል” የሚለውን አንብቤ ለባለቤቴ “እኛ እንግዲህ የምንወልደው በኢንሹራንስ ነው” ብያት ነበር። ካርዴን አውጥቼ ለጸሐፊዋ እንደ ጄኔራል መታወቂያ ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየችውና በሁለት እጇ አክብራ መለሰችልኝ። ክብሩ ነው ያስፈራኝ።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ክፍል ገባሁ። ጉዳዩን የያዘችው ልጅ በሃያ ዓመት ታንሰኛለች። ደብተሩን ከመጨረሻው በኩል ገልጣ ጣቷን አሳረፈች።

“ጋሼ፣ እዚህ ጋ ያንብቡት። የማይሸፈኑ የሚለውን።”

አነበብኩት። በጦርነት የሚደርስ ጉዳት፣ ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የመካንነት ሕክምና፣ ራስን ሆን ብሎ መጉዳት። አፍንጫውን በሚያስተካክልና ከፎቅ በሚዘል ሰው መካከል አስቀምጠውናል።

“ወሊድ ይሸፈናል ይላል እኮ” አልኳት።

“ወሊድማ ይሸፈናል። የማይሸፈነው ማርገዙ ነው። ካረገዙ በኋላ ይምጡ።”

“እኔ?”

“ባለቤትዎ፣ ማለቴ። ክትትሉ አለ፣ አልትራሳውንዱ አለ፣ ኦፕራሲዮን ቢሆን እንኳን አለ። መጀመሪያው ብቻ ነው የሌለው።” ከዚያ በሩን አየት አድርጋ ድምጿን ቀነሰች። “ሐኪሙ ሌላ በሽታ ብሎ ቢጽፍልዎትስ? እጢ ምናምን ብሎ። እንደዚያ ያስደረጉ አሉ።”

ይህን ምክር እንደ ስጦታ ዕቃ ጠቅልዬ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

“እኔ ሲኮርጅ ያገኘሁትን ልጅ ዜሮ የምሰጥ ሴት ነኝ” አለች። “ደግሞ የሌለብኝን በሽታ ለምን እቀበላለሁ? ያለን አይበቃንም?”

ያለን ያለችው የእኔን ነው። ግን “ያለን” አለች፤ “ያለህ” አላለችም። ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬያት የኖርኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ እሷ ለምን አብራኝ እንደኖረች ግን አሁንም አልገባኝም።

መኪናዬን ሸጥኩ። አሮጌ ናት፣ ግን ግማሽ አካሏን በገዛ እጄ የቀየርኩላት ስለሆነች ዘመድ የሸጥኩ ያህል ተሰማኝ። በእሷ ዋጋ የመጀመሪያው ሙከራ ተጀመረ። ችግሩ የእኔ፣ መርፌው ግን በእሷ ሆድ ላይ። መርፌዎቹ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ነበረባቸው። አንድ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፋና በበረዶ ከብቤ እንደ ታቦት አቅፌያቸው ከቡልጋሪያ እስከ ደምበል በእግሬ ሄድኩ፤ እዚያ ጄኔሬተር ያለው ቡና ቤት የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ከቢራው ጎን አስቀመጠልኝ። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ “የስኳር” አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቢራ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ሻይም ያለ ስኳር ነው የሚያመጣልኝ።

አምስት ጽንስ ተገኘ። ሁለቱ ገቡ፣ ሦስቱ ለሌላ ጊዜ በረዶ ውስጥ ተቀመጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ አንድ ቃል ተናገረ፤ “አልያዘም።” በዚያ ቃል ውስጥ መኪናዬ ነበረች፣ መርፌው ሁሉ ነበር፣ ሁለት ልጆች ነበሩ። ባለቤቴ የውጤቱን ወረቀት በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በማግስቱ ክፍል ገባች። አላለቀሰችም። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ “ጠንካራ ናት፣ እንደ ካምቢዮ ብረት ናት” እያልኩ አወራሁ። የጠየቀኝ ሰው ስለሌላ ነገር ነበር የጠየቀኝ፤ ይህን ማንም አያውቅምና።

የቀሩት ሦስቱ ኪራይ አለባቸው። አትሳቁ፣ ጽንስ ማቆያ በየዓመቱ ይከፈልበታል። እኛ አንዲት ክፍል ከነማድቤቷ ተከራይተን እንኖራለን፤ ልጆቻችን ከእኛ የተሻለ ሰፈር፣ መብራት የማይጠፋበት ቤት ተከራይተዋል። ያንን ስከፍል ሌላ ስምንት ወር ሄደ። ከዚያ ሐኪሙ ባለቤቴን አያት። “አርባ አልፎሻል” አላት። “ማህፀንሽ ጽንሱን ለመቀበል እንዲዘጋጅ መድኃኒት ትወስጃለሽ። የምትጀምሪው በሚቀጥለው ወር ቢሆን ነው የምመርጠው። ከዚህ በላይ አታቆዩት።” መድኃኒቱ ከውጭ ነው የሚገባው፤ ዶላር ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ፍሪሲዮንም እንደዚሁ ነው፤ ግን ፍሪሲዮን ያጣ ሰው በእግሩ ይሄዳል።

ሦስት ሳምንት ነበረን። ከመሥሪያ ቤት ብድር ጠየቅኩ፤ የመኪናዋን ጥገና ብዬ የወሰድኩት ገና አላለቀም፣ መኪናዋ ግን አልቃለች። ወንድሜ ቤት እየሠራ ነው። የእሷ እህት ሦስት ልጅ ታስተምራለች። በመጨረሻ የቀረኝ እድሩ ነው።

ካዛንቺስ ሲፈርስ እድርተኛው በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ እኛ እዚሁ ቅርብ፣ ቡልጋሪያ የኪራይ ቤት ያገኘነው ዕድለኞች ነን። ቢሆንም በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁሉም ሁለት ታክሲ፣ ሦስት ታክሲ ይዞ ይመጣል። ከፈረሰው ዳር ቆማ የቀረች አንዲት አዳራሽ አለችን፤ ድንኳኑም አግዳሚውም ድስቱም እዚያው ነው። እኔ በዚህ እድር ውስጥ እጅግ ትርፋማ አባል ነኝ። ሰባት ልጅ ካለው ሰው እኩል እከፍላለሁ፣ እስካሁን ግን ከቤቴ አንድም ሰው አልሞተም።

ልዩ ልዩ ጉዳይ ሲባል ተነሣሁ።

“ብድር ልጠይቅ ነው” አልኩ።

የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ናቸው። እግሩ በሽቦ የተጠገነ መነጽር ያደርጋሉ። “ለምን ጉዳይ?” አሉ።

“ለልጆቼ።”

ከኋላ አንዱ ሳቀ። “ጅቡቲን ለቀቁ እንዴ?” አለ።

“ጅቡቲ አይደሉም። በረዶ ቤት ናቸው፣ ከደምበል ብዙም አይርቅም።” አዳራሹ ሞቅ አለ። “ሦስት ናቸው። ኪራይ እየከፈልኩላቸው ነው።” ይሄኔ አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው ጫፍ የሳቅ እንባቸውን ጠረጉ። “ቀልዴን አይደለም” አልኩ። ባሰባቸው፤ ማንኛውንም ቀልዴን የምጀምረው “ቀልዴን አይደለም” ብዬ ነውና። ድምፄን ከበድ ላደርግ ሞከርኩ። ፊቴ ግን ከድቶኛል፤ ሰው ሲስቅ እንዲስቅ ሠላሳ ዓመት ያለማመድኩት ፊት ፈገግ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ሆኜ አላውቅም። እውነቱን እየተናገርኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ አንድ ሰው እንኳ አላመነኝም።

በሴቶቹ በኩል ባለቤቴ ተነሣች። በእድር ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

“እውነቱን ነው” አለች። “በሕክምና ነው። አምስት ነበሩ፣ ሁለቱ አልያዙም። ሦስቱን ለማስገባት ገንዘብ አጥተናል።” ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

ሳቁ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ዳኛው የመተዳደሪያ ደንቡን ከፕላስቲኩ አወጡ።

“ብድር ደንባችን ላይ የለም” አሉ ቀስ ብለው። “የታመመ አባልን መርጃ አለ። ሆስፒታል ተኝተሻል፣ ልጄ?”

“ሁለት ሰዓት።”

“ሦስት ሌሊት ነው የሚለው።” ገጹን ገለጡ። ሌላ ገለጡ። መፈለጋቸውን እንዳያቆሙ ብቻ የሚገልጡ ይመስሉ ነበር።

የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁት እማማ ከአግዳሚው ሳይነሱ ጠየቁ። “ሁለቱ አልያዙም አላለችም? ያልያዙት ምንድን ናቸው?”

“ጽንስ ናቸው፣ እማማ” አልኳቸው።

“እሱን መች አጣሁት። ሞቱ ወይ ነው የምለው።”

የዳኛው ጣት አንድ ቦታ ላይ ቆመ። “የአባል ልጅ ሲሞት፣” ብለው አነበቡ፣ “ዕድሜው ሳይለይ።” መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። “ዕድሜው ሳይለይ ነው የሚለው።” ግማሽ ሰዓት ክርክር ሆነ። አንዱ ነገ ሁሉም ሰው ይህን ይዞ ይመጣል አለ፤ እማማ “ይምጣ፣ ማን ደስ ብሎት ይመጣል ብለህ ነው” አሉት። እጅ ወጣ። ለሁለት ልጅ የሚከፈለው የሐዘን ገንዘብ እንዲሰጠን ተወሰነ፤ ዳኛው ራሳቸው በሟቾች መዝገብ ላይ ጻፉት። ፈርሜ ተቀበልኩ። ኢንሹራንሱ በኮምፒውተር ፈልጎ ያላገኘንን እሳቸው በሽቦ መነጽር አገኙን ብዬ በልቤ ቀለድኩ። ያን ቀን የቀለድኩት የመጨረሻ ቀልድ ነው።

ምክንያቱም መዝገቡ ብቻውን አይቀመጥም። ድሮ ካዛንቺስ ሳለን የሰው ሞት ሲመዘገብ ጥሩምባ ነፊው መንደሩን ይዞራል። አሁን መንደር የለም፤ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን አይቶ ለእድርተኛው ሁሉ በቴሌግራም ይልካል። ያን እሑድ ደግሞ ጸሐፊው ሰርግ ሄዶ ስብሰባው ላይ አልነበረም። ሰኞ መዝገቡን ከፈተ፣ የተጻፈውን አየ፣ ሥራውን ሠራ። አባላችን ሁለት ልጆቻቸው ስላረፉባቸው ዛሬ ከሥራ መልስ መኖሪያ ቤታቸው እንድንደርስ፣ ይላል መልእክቱ።

ሱቅ ውስጥ ስልኬ ይጮህ ጀመር። ስብሰባው ያመለጣቸው ሰዎች ናቸው። “ሁለቱም ባንዴ? ምን ነካቸው?” ይሉኛል። አንደኛው፣ በየወሩ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው፣ ድምፁን ቀንሶ “መንገድ ላይ ነው? ከጅቡቲ ሲመጡ?” አለኝ። ቀልዱን ዐሥራ አንድ ዓመት አምኖት ኖሯል። ከሌላ ሴት የወለድኳቸው ልጆች እዚያ ያሉኝ መስሎት፣ ባለቤቴ እንዳትሰማ ብሎ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ሰውን ለመመለስ ወደ ቤት ሮጥኩ። ስደርስ አግዳሚው በፒካፕ መጥቶ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። ድንኳኑ ለግቢው ስለሰፋ መኪናው ላይ ቀርቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገብተዋል፣ ንፍሮው ደርሷል። አከራያችን ማልቀስ ትጀምር አትጀምር ግራ ገብቷት በራፏ ላይ ቆማለች። በር ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ “ስህተት ነው፣ የሞተ የለም” እላለሁ። ትከሻዬን ይዘው “እግዜር ያጽናህ” እያሉ ያልፉኛል። አንዱ ለሌላው “ሐዘን እኮ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያስክዳል” ሲለው ሰማሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ማንም አላመነኝም።

ባለቤቴ የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ ከትምህርት ቤት መጣች። በሩ ላይ ቆመች፤ አግዳሚውን አየች፣ ነጠላውን አየች።

“ጸሐፊው ነው” አልኳት። “ትናንት አልነበረም፣ መዝገቡን ብቻ አይቶ ነው። አሁን አስነሣቸዋለሁ።”

ደብተሮቹን እጄ ላይ ጫነችብኝና አልፋኝ ገባች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። እማማ እጇን ያዙ።

“ስም ወጥቶላቸው ነበር?” አሏት።

“አልደረሱም፣ እማማ።”

“አልደረሱም” አሉ እማማ፣ ለሌሎቹ እንደሚያስተላልፉ ሁሉ።

ያኔ አለቀሰች። ስምንት ወር ሙሉ ካምቢዮ ብረት ናት ያልኳት ሴት። የሚያስቆማት ሰው አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ማንም ማንንም አያስቆምም። እኔ አርባ ደብተር እንደታቀፍኩ መሃል ግቢ ቀርቻለሁ፤ የማስቀምጥበት ጠፋኝ። ያ የጅቡቲን መንገድ የጠየቀኝ ሰው ደብተሮቹን ተቀበለኝና ጠጋ አለልኝ።

“ቁጭ በል እንጂ” አለኝ። “አንተም አባታቸው አይደለህ?”

ተቀመጥኩ።

ሦስት ቀን መጡ፤ የመጡት በደንቡ መሠረት ነው። ገንዘቡ ከመድኃኒቱ ዋጋ ጎደለ፤ የጎደለውን የባለቤቴ የሰርግ ሐብል ሞላው። በቀጠሮው ሁለቱ ገቡ፤ አንዱ በረዶ ውስጥ ቀረ። ሁለቱን ሳምንት ቀልድ አላወራሁም። ቀልድ ያስወርዳል ብዬ አይደለም፤ ግን ደግሞ እንደማያስወርድ ማን ያውቃል። ባለቤቴ ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ እጄን ዘርግቼ እከተላለሁ፤ ብትወድቅ የምይዛት ይመስል፣ የሚያሰጋው መውደቅ የሆነ ይመስል። አንድ ጊዜ የኢንሹራንሱን ደብተር አውጥቼ “ካረገዙ በኋላ” የሚሸፈነውን ሁሉ አነበብኩላት። ረጅም ነው፣ ጥሩ ጥሩ ነገር አለበት።

የደወለችልኝ ሱቅ ሳለሁ ነው።

“አልያዘም” አለች።

“እሺ” አልኩ። እሺ ሌላ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ምንም ማለት አልነበረም።

ፊት ለፊቴ የታክሲ ሾፌር የተበላ ፍሪሲዮን ይዞ ቆሟል። “እና፣ ጅቡቲ ደርሷል በለኛ” አለኝ፤ ልማዴን ያውቃል።

“የለንም” አልኩት። አየኝና ዕቃውን ይዞ ወጣ።

ማታውን ሳይሆን በማግስቱ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሁለታችንም ቤት ሳለን፣ ዳኛው ደወሉ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጄ፣ ደንቡ ያው ነው፤ አልተለወጠም” አሉኝ። “እንመዝግብ?”

ገንዘቡ ያስፈልገናል፤ የቀረው አንዱ ኪራይ አለበት፣ መድኃኒት አለበት። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

“አይመዝግቡት፣ ጋሼ” አለቻቸው። “ሰው ግን ይምጣ።”

“ያለ መዝገብ እንዴት ይጠራል?”

“በአፍ።”

መዝገብ ያልጠራው ሰው ብዙ አይሆንም። ዐሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ከሁለት ታክሲ፣ ከሦስት ታክሲ። አግዳሚ ስላልነበረ ከአከራያችን በርጩማ ለምኜ አመላለስኩ፤ የማደርገው ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ከሚያስፈልገው በላይ አመጣሁ። እማማ ከባለቤቴ ጎን ተቀመጡ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

“አንድ ቀርቷል አይደል?”

“አንድ” አልኳቸው።

መቼ ይመጣል ብለው አልጠየቁኝም። እኔም የት እንደደረሰ አልነገርኳቸውም።